ውሻ ያዙ!

ከደብረ ታቦር ወጥቶ ወደ ጉና ግርጌ የሚያቀና መንገደኛ የማያውቀው ሰው አጥር ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም። ራቅ ብሎ ይቆምና «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ አንድ ልጅ ወይም የቤቱ እመቤት ብቅ ትላለች፤ ውሻውን ተቆጥታ፣ ማሰሪያውን ጨብጣ «ግቡ፣ ግቡ» እስክትል ድረስ እንግዳው ዱላውን ተደግፎ ይጠብቃል። በደቡብ ጎንደር፣ በፋርጣም፣ በእስቴም፣ በጋይንትም ነባር ወግ ነው። ከሰላምታ የሚቀድም ንግግር ቢኖር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ወጉ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን የውሻን ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች በብዙ ገጽ የሚያብራሩት ነገር አለ። እንግዳው መምጣቱን ያስታውቃል፣ ባለቤቱ ኃላፊነቱን ይወስዳል፣ ውሻውም ያ የማያውቀው ሰው የገባው በጌታው ፈቃድ መሆኑን ያያል። እነዚህ ሲሟሉ የመነከስ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል።

ከተማው ይህን ወግ በቆርቆሮ በር ተካው። በሩ ላይ በቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፍና ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ሁሉ የአላፊው ዕዳ ይሆናል። ፊደል ያልቆጠረ የጎረቤት ሕፃን ወንፊት እንዲያመጣ ሲላክ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ፣ በሩም ገርበብ ብሎ ሲገኝ ያ ጽሑፍ ማንንም አያድንም። ሰሌዳ ውሻ አይዝም። ተናካሽ ውሻ ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ያሳደገው፣ ሰው ያሠረው፣ ሰው ያስተማረው ነው። ስለዚህ የመያዙም የማረሙም ሥራ ለባለቤቱ መሰጠት አለበት፤ ለመንገደኛ ድንጋይ ወይም ለማዘጋጃ ቤት መርዝ መተው የለበትም።

ነገሩ የባትና የቁርጭምጭሚት ቁስል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልወጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹም ከአሥሩ አራት ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት ለኢትዮጵያ ብቻ በዓመት ወደ 2,700 ሞት አስቀምጧል። ወደ ጉና ቀረብ እንበል ከተባለ፣ በሰሜን ጎንደር ዞን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በዓመት ከ100,000 ሰው 2.33፣ ከ100,000 ውሻ ደግሞ 412 ገደማ በበሽታው እንደሚያዙ ገምቷል። በጋማ ከብት ላይ የተገኘው መጠን በቀንድ ከብት ላይ ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ፈረስና በቅሎ ለሚጭነው ደገኛ ይህ ተራ ቁጥር አይደለም።

በሽታው ለአገሩም አዲስ እንግዳ አይደለም። ስለ በሽታው የኢትዮጵያ ታሪክ የጻፈው ሪቻርድ ፓንክረስት ካሰፈራቸው ወረርሽኞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1884 ትግራይን፣ ቤጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን ያዳረሰው ነው።

ውሻ ንክሻን እንዴት ይማራል? ይህን ከቆሎ ተማሪ በላይ የሚያውቅ የለም። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት ቤት አገር ነው። ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻው ይነሳበታል። (ነገሩ የደበሎው ሽታ ነው የሚሉ አሉ። በግ ጠባቂ ውሻ በግ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲለምን ቢያይ መደንገጡ አይፈረድበትም።) ተማሪው ቁራሹን ተቀብሎ፣ ወይም «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። በሰው ዐይን ሲታይ የሄደው ጉዳዩን ስለጨረሰ ነው። ውሻው የተማረው ግን ሌላ ነው፤ ጮኸ፣ ሰውዬው ሄደ። ነገም ይመጣል፣ ነገም ይጮኽበታል፣ ነገም ይሄዳል። በየቀኑ ድል የሚያደርግ ውሻ ደግሞ ድፍረቱ ይጨምራል፤ ጩኸቱ ወደ መንደርደር፣ መንደርደሩ ወደ ንክሻ ያድጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የዚሁ ትምህርት ሰለባ ደብዳቤ አዳዩ ነው።

ዱላው ደግሞ ትምህርቱን ያጠነክረዋል። አንድ ቀን ያቀመሰው ሰው በማግስቱ ሲመጣ ውሻው ዱላው እስኪነሳ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይዘላል። ከተናካሽ ውሾች ብዙዎቹ ደፋር የሚመስሉ ፈሪዎች ናቸው። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳ ለመሰለ ሰው ሁሉ ጅራቱን ቆልፎ የሚሸሸው ውሻ፣ ያው ሰው ጀርባውን ሲያዞር ተረከዙን የሚይዘው ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። አሜሪካውያኑ ጆን ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናታቸው ቡችላ ሰውንና ዓለሙን የሚለምድበት ልዩ ወቅት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ባለ ዣንጥላ፣ ባለ በቅሎ ያየ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥባቸውም። በእኛ መንደር በዚያው ዕድሜ ቡችላው የሚያገኘው ምንድን ነው? ኃይለኛ ይሁን ተብሎ ጆሮው ይቆረጣል፤ ሚጥሚጣ የሚያቀምሱትም አሉ። ከዚያ ጓሮ ይታሠራል፤ ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ሳያይ ያድጋል። ሚጥሚጣው አፉን ከማቃጠል በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። ጆሮ መቁረጡም ያው ነው፤ ቡችላው የሚማርበት የሰው እጅ ሕመም እንደሚያመጣ ብቻ ነው።

ማሠሩ በራሱ ስህተት አይደለም። ጅብ በሚጮኽበት፣ የፋርጣ በግ የአንድ ቤት ሀብት በሆነበት ደጋ ውሻ ቀን ታሥሮ ሌሊት መፈታቱ አስተዋይነት ነው። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። በዴንቨር ከተማ ተናካሾችን ከማይናከሱ ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ በሰንሰለት ታሥረው ከሚውሉት ይልቅ ታሥረው የማይውሉት በሰላም የሚኖሩ መሆናቸውን አግኝቷል፤ በተናካሾቹ ዘንድ ሰንሰለት የመገኘቱ ዕድል 2.8 እጥፍ ነበር። ያልተኮላሹ ወንዶችም እንዲሁ በተናካሾቹ በኩል በዝተው ታይተዋል። በሁለት ክንድ ገመድ፣ መንገድ ዳር፣ ጥላና ውሃ በሌለበት የታሠረ ውሻ መሸሽ አይችልም። መሸሽ የማይችል እንስሳ ደግሞ ያለው ምርጫ አንድ ነው። ገመዱን ማስረዘም፣ ውሻውን ከመተላለፊያው አንሥቶ ወደ ጓሮ ማዞር፣ ጥላ መሥራት ብር አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ ንክሻው ከደረሰስ? በጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው የት አለ?» የሚል ነው። «ገድለነዋል» የሚለው መልስ በመንደሩ እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ለሐኪሙ ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው ሊታመም ጥቂት ቀናት ሲቀሩትና ከታመመ በኋላ ነው። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ታሥሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተጀመረውም ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ተገድሎ የተጣለ ውሻ ይህን አይነግርም። ተነካሹ ሙሉውን ክትባት ይወስዳል፣ ወጪውንም ይሸከማል፣ ቤተሰቡም ወራት በስጋት ይቆያል።

ሰውየው ግን 10 ቀን መጠበቅ የለበትም። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ቡና መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት አያስፈልግም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ትልልቆቹ ክትባቱን የሚፈሩት በምክንያት ነው፤ ለረጅም ዓመታት አገር ውስጥ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው መድኃኒት በየቀኑ በሆድ ላይ ይወጋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያን ዓይነቱ እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አዲሱ በክንድ የሚሰጥና በጥቂት መርፌ የሚያልቅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሰሜን ጎንደር ጥናት ሕዝቡ በባህል ሐኪም ላይ ጽኑ እምነት እንዳለው አሳይቷል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን አያስቀር። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል።

ለባለቤቱም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ያለ ምክንያት ጠባዩ የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ምራቁን የሚያዝረከርክ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚያኝክ፣ የኋላ እግሩን የሚጎትት ውሻ የሚታረም ተናካሽ አይደለም፤ በሽተኛ ነው። አይቀርቡትም። የእንስሳት ሐኪም ይጠራል።

ጤነኛው ተናካሽ ግን ይታረማል። ብዙ ሰው የማያምነው ይህን ነው። የመጀመሪያው እርምጃም ሐኪም ማየት ነው፤ ሰንሰለት የላጠው አንገት፣ ያመረቀዘ ጆሮ፣ የተሰበረ ጥርስ ያለው ውሻ ሲነኩት ይነክሳል፣ ሲድን ይተዋል። ሕመም ከሌለበት ወደ ትምህርቱ ይገባል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚወድቀው ዱላ ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ ከተመቱት ወይም ከተረገጡት ውሾች 43 በመቶው መልሰው በቁጣ ተነሥተዋል፤ ዐይን ዐይናቸውን በማፍጠጥ «ሊያስፈራሯቸው» ከተሞከረባቸው እንኳ 30 በመቶው እንዲሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሲያጉረመርም መምታት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተቀጣበት ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ድምፁ ብቻ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሳያጉረመርም ይነክሳል።

የሚሠራው መንገድ ውሻው ከቆሎ ተማሪው የተማረውን መገልበጥ ነው። እንበል፣ ፋርጣ ውስጥ ያለ አንድ ውሻ በመንገደኛ ላይ ይነሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንንም የሚነክስበት ዕድል አይሰጠውም፤ እያንዳንዱ ንክሻ ለሚቀጥለው ልምምድ ነውና። ከዚያ አንድ ፈቃደኛ ጎረቤት ውሻው አይቶት ነገር ግን በማይጮኽበት ርቀት ላይ፣ ምናልባት 30 እርምጃ ላይ፣ ይቆማል። ጎረቤቱ ብቅ ሲል ባለቤቱ ለታሠረው ውሻ ቁራሽ ይወረውርለታል፤ ጎረቤቱ እስካለ ድረስ ቁራሹ ይቀጥላል፣ ጎረቤቱ ሲሰወር ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሰው ቀድሞ፣ ምግብ ተከትሎ መምጣት አለበት፤ ቢገለበጥ ውሻው ምግብን ራሱን የችግር ምልክት ያደርገዋል። ለዚህ ሥጋ የግድ አያስፈልግም፤ ጾም ከሆነ ደረቅ ዳቦ ይበቃል፣ ውሻው እንደሆነ ጾም አያውቅም።

ቀናት ሲያልፉ ውሻው ጎረቤቱን ሲያይ ዞሮ ወደ ባለቤቱ እጅ መመልከት ይጀምራል። ትምህርቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። ያኔ ጎረቤቱ ሁለት እርምጃ ይጠጋል፤ ከጮኸ ፈጥነናል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ልጅ ያዘለች። አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል፤ ሰብል በሚሰበሰብበት ሰሞን ጊዜ የለም የሚል ገበሬ እውነቱን ነው፣ ግን በቀን የሚወስደው ቡና እስኪፈላ ያለውን ያህል ነው። ግቡም ውሻውን ለማንም የሚላላስ ማድረግ አይደለም። ሌሊት በጅብና በሌባ ላይ መጮኹን አይረሳም። የሚፈለገው ሰው ሲያይ የማይደናገጥ፣ ባለቤቱን የሚጠይቅ ውሻ ነው። እንዲህም ሆኖ ማሰሪያው አይቀርም፤ ወደ ክሊኒክ ሲወሰድም አፉን የሚሸብብ፣ ግን ለመተንፈስና ውሃ ለመጠጣት የሚፈቅድ ማሰሪያ ይደረግለታል።

ሁሉም ይታረማል ማለት ግን ሐሰት ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ንክሻን በስድስት ደረጃ ከፍሎታል፤ ጥርስ ሳይነካ ከሚቀረው ማስፈራራት ተነሥቶ ሰው እስከሚገድለው ድረስ። ቆዳውን ጫር አድርጎ የለቀቀ ውሻ ተስፋው ሰፊ ነው። ጥርሱን አጥልቆ የያዘና ይዞ ያራገበ፣ ወይም ደጋግሞ የነከሰ ግን ሕፃን ካለበት ግቢ መኖር የለበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ የእንስሳት ሐኪም መርፌ ከድንጋይ ውርወራ ይሻላል፤ ይህ ጸሐፊ እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም ባይ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ድንገት ቢያመልጠው፣ ጉዳቱንም አስቀድሞ መገመት ባይቻል እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ቀለም ባለቤቱን ነፃ አያወጣም። ይኸው ሕግ ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከዕዳ የሚድንበትን መንገድ ያስቀምጣል። በሬ ከሆነ ያስኬዳል፤ የነከሰህን ውሻ ተረክበህ ወደ ቤት መሄድ ግን ካሳ ይሁን ሁለተኛ ቅጣት ለመለየት ያስቸግራል። የገጠሩ ሰው ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የሕክምና ወጪ ይከፈላል፣ ይታረቃሉ። ሽማግሌዎቹ ከብሩ ጎን ሌላም ቢጨምሩ፣ ውሻው 10 ቀን ይታሠር፣ ይከተብ፣ ከመንገድ ዳር ይነሣ ብለው ዋስ ቢያስጠሩ፣ ከብዙ መመሪያ የበለጠ ይሠራሉ።

የከተማ አስተዳደሮች በበኩላቸው የለመዱት መፍትሔ አለ፤ ሌሊት መርዝ የተቀባ ሥጋ መበተን። አዲስ አበባም ሌሎች ከተሞችም ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ተጠቅመዋል። አሟሟቱ ዘግናኝ ነው፤ ይሁንና ዋናው መከራከሪያ እሱ አይደለም። ዋናው ነገር በሽታውን የማያቆም መሆኑ ነው። በኢንዶኔዥያ የፍሎረስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባ የደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ ተገድለዋል፤ በሽታው ግን ቀጠለ። የሞተው ቦታ በአዲስ፣ ባልተከተበ ቡችላ ይተካል። ሜክሲኮ ግን ለዓመታት ውሾቿን በነፃ ስትከትብ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማጥፋቷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። መለኪያው የታወቀ ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ይህ ሩቅ አይደለም። የከተማዋን ስም በያዘው በዓል፣ በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ሕፃናት በዱላ መሬት እየደበደቡ ለሆያ ሆዬ በየደጁ ይሄዳሉ፤ ጅራፉ ሰሞኑን ሙሉ ይጮኻል። በዓመቱ ውስጥ ልጅና ውሻ እንዲህ የሚፋጠጡበት ሌላ ቀን የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው በበዓል ሞፈር ስለማያነሣ የክትባቱ ቀን ሰኔ 12 ለሚካኤል ወይም ሰኔ 21 ለማርያም ቢሆን ባለቤቱ ውሻውን ይዞ ለመምጣት ጊዜ አለው፤ እስከ ቡሄም ክትባቱ ሥራውን ይዟል። የገጠር ውሻ አብዛኛው ባለቤት ስላለው ማስከተቡ እንደ አዲስ አበባ ጎዳና ውሾች አያስቸግርም። የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱ መድኃኒቱን፣ ቀበሌው መዝገቡን፣ የእድር ዳኛው ጥሪውን ይዘው ይገናኙ። ይህ እስኪሆን ድረስ ከነገ ጀምሮ ሊደረግ የሚችለው ደግሞ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ በውሻ የተነከሰ ሰው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ በደረሰ ቁጥር የተነከሰበት ቀበሌ በዚያው ዕለት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነገር፣ ሐኪሙም ውሻው ከመገደሉ በፊት ይድረስ።